ነጠላዬን የበላው ባትሪና በእሱ ቦታ የገባው

ጥምቀት ካለፈ ከሳምንት በኋላ ነጠላዬን ከመኪናዬ ኋላ ሳወጣው ጥለቱ ወንፊት ሆኗል። መጀመሪያ ብል መሰለኝ። ብል ግን በአንድ ሳምንት እንዲህ አይበላም። ደግሞ ጫፉን ስነካው እንደ ደረቅ ቅጠል ተፈረፈረ። ጠጋ ብዬ አሸተትኩ፤ የገማ እንቁላል ይሸታል። የቀኝ ጎኑን ምንጣፍ ገለጥኩት። ባትሪው በክዳኖቹ ዙሪያ አሲድ እያለቀሰ ነበር።

የምሠራው ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ነው፣ ሌሊት ሌሊት። ስለዚህ ሊትመስ ወረቀት ከቦርሳዬ አይጠፋም። ወለሉን አስነካሁት። ሰማያዊው ወረቀት ወዲያው ቀላ።

መኪናዋን ላስተዋውቃችሁ። የ1992 ማዝዳ ሚያታ ናት። ቀይ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትጭን፣ ጣሪያዋ በእጅ የሚታጠፍ፣ መብራቷ ከአፍንጫዋ ላይ ብቅ ጥልቅ የሚል። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ጡረታ ከወጣ የሥራ ባልደረባዬ ገዛኋት። «በዚህ ዕድሜሽ?» ያሉኝ ሐበሾች አሉ። እነሱ ቶዮታቸውን ይንዱ።

የዚህች መኪና ባትሪ ከፊት ኮፈን ሥር አይደለም። ከኋላ፣ ሻንጣ የሚቀመጥበት ቦታ፣ በቀኝ ጥግ በኩል ነው። ይህ የሆነው በምክንያት ነው። ማዝዳ ይህችን መኪና በ1989 ቺካጎ ላይ ሲያሳይ ዋና መሐንዲሱ ቶሺሂኮ ሂራይ የያዘው ሐሳብ «ጂንባ ኢታይ» የሚባል የጃፓን አባባል ነበር፤ ፈረስና ጋላቢ አንድ አካል ሲሆኑ ማለት ነው። ለዚያ ደግሞ ክብደቱ ከፊትና ከኋላ እኩል መመዘን አለበት። ሞተሩ ፊት ስለሆነ ባትሪውን ወደ ኋላ ወሰዱት። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ባትሪው ከሻንጣሽ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ይኖራል ማለት ነው። ከነጠላሽም ጋር።

ለነገሩ ከሰው ጋር የሚኖር ባትሪ ለእኔ አዲስ አይደለም። ልጅ ሳለሁ አዲስ አበባ አባቴ ቮልስ ነበረው። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ነው የሚቀመጠው። ከበድ ያለ ሰው ሲቀመጥበት የወንበሩ ሽቦ ወርዶ ባትሪውን ሊነካ ይችላል፤ ያኔ ጭስ ነው። አባቴ የከመነዳሪ ቁራጭ አልብሶት ነበር። ያም ሆኖ አክስቴ በተሳፈረች ቁጥር «ወደ ግራ ጠጋ በይ» ይላት ነበር። ለምን እንደሆነ ነግሯት አያውቅም።

ነጠላዬን የበላውን ባትሪ የገዛሁት እኔው ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ግማሹ። በመከር ወራት አሮጌው ባትሪ ሲሞት ሠፈር ውስጥ ካለ የመለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ። ልጁ ኮምፒውተሩን ሁለቴ መታ መታ አደረገና ከመደርደሪያው አንዱን አወረደ። ቁመቱ ከድሮው ይበልጣል አልኩት። «ባለ 12 ቮልት እስከሆነ ድረስ ችግር የለውም፤ እንዲያውም ይኼ ይበረታል» አለኝ። ርካሽም ነበር። የድሮው መያዣ ዘንግ ስላጠረበት በፕላስቲክ ማሰሪያ አሰረልኝ። ከድሮው ባትሪ ጋር የተያያዙትን ሁለት ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች ነቅሎ ጥግ ላይ ጣላቸው። «እነዚህ አያስፈልጉም።»

የሚያስፈልጉት እነሱ ነበሩ።

ተራ የአሲድ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጂንና ኦክስጂን ይተፋል። ከፊት ኮፈን ሥር ቢሆን ነፋስ ይወስደዋል። ዝግ ሻንጣ ውስጥ ግን ይጠራቀማል። ሃይድሮጂን ከአየሩ 4 በመቶ ከደረሰ ብልጭታ ይበቃዋል። ከጋዙ ጋር የአሲድ እርጥበትም ይወጣል፤ ብረቱን የሚያዝገው፣ ጨርቁን የሚበላው እሱ ነው። ማዝዳ ስታመርታት ያስገባችው የፓናሶኒክ ባትሪ ድፍን ነው፣ ክዳኑ የማይከፈት። ሁለቱ ቱቦዎችም በወለሉ ቀዳዳ በኩል ወደ ውጭ ይወጣሉ። ልጁ የጣለው የመኪናዋን አፍንጫ ነው።

ወለሉን በውሃ በሟሟ ቤኪንግ ሶዳ አጠብኩት። መፍላቱን እስኪያቆም አፈሰስኩበት። ዝገቱን ፍቄ ቀለም ቀባሁት። ከዚያ ቁጭ ብዬ ባትሪ መምረጥ ጀመርኩ፤ በዚህ ጊዜ በሥርዓቱ።

መጀመሪያ ያየሁት የፋብሪካው ባትሪ ላይ ያለውን ቁጥር ነው፤ 46ኤ24ኤል። አዲስ አበባ ውስጥ ባትሪ የገዛ ሰው ይህን ዓይነት ጽሑፍ ያውቀዋል፣ 55ዲ23ኤል የሚል ቶዮታ ላይ አይቶ ይሆናል። አብዛኛው ሰው ግን «ባለ 70 አምፔር ስጠኝ» ብሎ ነው የሚገዛው። ጽሑፉ የጃፓን መለኪያ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ጉልበቱ ነው። ፊደሉ ወርዱና ቁመቱ፦ ኤ ሲሆን 127 በ162 ሚሊሜትር፣ ማለትም ጠባብና አጭር። 24 ርዝመቱ ነው፣ በሳንቲሜትር። ኤል ደግሞ ፖዘቲቩ በየትኛው በኩል እንደሆነ ይናገራል። ይህን ቁጥር ያነበበ ሰው የሱቁ ልጅ አያታልለውም።

ሦስት አማራጮች ቀረቡልኝ።

አንደኛው ሊቲየም ነው። ሦስት ኪሎ ገደማ ብቻ ይመዝናል፣ የድሮው አሥር ኪሎ ሲሆን። መኪናዋን ለውድድር የሚያወጡ ሰዎች ይወዱታል። እኔ ግን የምኖረው አፓርታማ ነው፣ መኪናዋ ውጭ ታድራለች። ሊቲየም ብርድ ላይ ይለግማል፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ማድረግም ይጎዳዋል። ጥር ወር ላይ ሜሪላንድ ውስጥ ከዜሮ በታች የማይሆን ሌሊት ስንት አለ? ዋጋውም የወር አስቤዛ ነው። ተውኩት።

ሁለተኛው 51አር የሚባለው መጠን ነው፣ ሆንዳ ሲቪኮች ላይ የሚገባው። እዚህ መጠን ውስጥ ድፍን የሆኑም አሉ፤ ኦፕቲማ የሎ ቶፕ ለምሳሌ፣ 38 አምፔር ሰዓት ይይዛል። ጥሩ ባትሪ ነው። ግን 22 ሳንቲሜትር ከፍታ አለው። መያዣ ዘንጉን ማስረዘም፣ አንዳንድ ነገር መቁረጥ ይፈልጋል። ጋራዥና ትርፍ ሰዓት ላለው ሰው እሺ። እኔ ሁለቱም የሉኝም።

ሦስተኛው፣ የገዛሁት፣ ለዚህችው መኪና በልኳ የሚሸጥ ኤጂኤም ባትሪ ነው። ኤጂኤም ማለት አሲዱ እንደ ውሃ አይንቦጫረቅም፤ በብርጭቆ ክር የተሠራ ምንጣፍ መጥጦ ይይዘዋል። ጋዙም በአብዛኛው እዚያው ውስጥ ተመልሶ ውሃ ይሆናል። የአባቴ ቋንቋ «ደረቅ ባትሪ» ይለዋል። ስሙን ያልጻፍኩት ደብቄ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ባትሪ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ጥቂት ናቸው፤ የሚለጠፍባቸው ስም ግን ብዙ ነው። ከስሙ ይልቅ ሦስት ነገር እዩ፦ ኤጂኤም መሆኑን፣ የቱቦ መሰኪያ በሁለቱም ጎን መኖሩን፣ ጣቶቹ፣ ማለትም ገመዱ የሚታሰርባቸው ሁለቱ ጫፎች፣ ቀጭን የጃፓን ጣቶች መሆናቸውን። የሚያታ ገመድ መቆንጠጫ ለቀጭኑ ጣት ነው የተሠራው። ወፍራም ጣት ያለው ባትሪ ገዝተው በመዶሻ የሚያስገቡ አሉ። አትዩኝ።

ጉልበቱን በተመለከተ ሰው ያለ ምክንያት ይጨነቃል። የብርድ ማስነሻ አምፔር የሚባለው ቁጥር የሚለካው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ነው፤ ባትሪው ለ30 ሰከንድ ከ7.2 ቮልት ሳይወርድ ስንት አምፔር ይሰጣል ነው ጥያቄው። የኔ መኪና ሞተር 1.6 ሊትር፣ 116 የፈረስ ጉልበት ነው። ሞተሪኖዋ ትንሽ ናት። የጭነት መኪና ባትሪ አያስፈልጋትም። አንዳንድ ሻጭ ደግሞ ዜሮ ዲግሪ ላይ የተለካውን ትልቁን ቁጥር በደማቁ ይጽፍላችኋል። ከብርድ ማስነሻው ጋር አታምታቱት።

የባትሪው ዕድሜም ሌላ ጉድ ነው። መጀመሪያ የሄድኩበት ሱቅ ያወጣልኝ ባትሪ በካርቶን ታሽጎ የነበረ «አዲስ» ነው። መለኪያዬን አወጣሁና ነካሁት፤ 12.3 ቮልት። ሻጩ በግርምት አየኝ። ሞልቶ የተቀመጠ ኤጂኤም 12.8 አካባቢ ማሳየት አለበት። የተሠራበትን ወር የሚናገረውን ተለጣፊ አየሁ፤ አሥራ አንድ ወር ሆኖታል። መደርደሪያ ላይ እንዲህ ሲራብ የከረመ ባትሪ ከዚያ በኋላ ቢያጠግቡትም ሙሉ ጉልበቱ አይመለስም። አመስግኜ ወጣሁ። ሁለተኛው ሱቅ የሁለት ወሩን ሰጠኝ። 189 ዶላር ከፈልኩ፤ አሮጌውን ባትሪ ስሰጣቸው በማስያዣነት የወሰዱትን 22 ዶላር መለሱልኝ።

ገጠማው ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። ባለ 10 ቁልፍና አንድ ፒንሳ ብቻ። ጥቁሩን ገመድ፣ ማለትም ኔጌቲቩን፣ መጀመሪያ መፍታት፣ ስትገጥሚ ደግሞ ጥቁሩን መጨረሻ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ቀዩን ስትፈቺ ቁልፉ የመኪናውን አካል ቢነካ፣ ጥቁሩ ካልተፈታ ብልጭታው ዓይን ያጠፋል። ባትሪው ቦታው ላይ ልክ እንደ እጅና ጓንት ገባ። የድሮው ዘንግ ደረሰለት፣ ዳዶው ጠበቀ። ቱቦዎቹን አዲስ ገዝቼ በወለሉ ቀዳዳ አወጣኋቸው። ኤጂኤም ስለሆነ አያስፈልግም የሚል ሰው ብዙ ነው። ዲናሞው አንድ ቀን ከልኩ በላይ ቢቻርጀው ግን ቫልቩ ይከፈታል፣ ጋዙም ይወጣል። ሁለት ነጠላ ማጣት አልፈልግም።

የመጀመሪያው ቀን መኪናዋ ቆማ ሞተሩ ሲሠራ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ ሰዓቱም ዜሮ ሆነ። በማግስቱ ሁሉም ደህና ነበር። ሞተሩ እየሠራ ስለካው 14.3 ቮልት፤ ለኤጂኤም የሚስማማው ነው።

አሁን ዓመት ከሁለት ወር ሆነው። ሁለት ክረምት አለፈ ማለት ነው፣ የአሜሪካውን ክረምት ማለቴ ነው። ሌሊት ተረኛ ሆኜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ መስታወቱ በረዶ ለብሶ፣ ቁልፉን ሳዞር አንድ ጊዜ እንኳ አላሳፈረኝም። ሻንጣው ውስጥ ሽታ የለም። ሊትመስ ወረቀቱን በየሁለት ወሩ አስነካዋለሁ፤ ቀለሙ አይለወጥም።

ቅሬታ የለኝም አልልም። አንደኛ ትንሽ ነው፤ የሚይዘው 30 አምፔር ሰዓት ገደማ ነው። መኪናዋ ጠፍታ ቆማ 25 ሚሊአምፔር ትጠጣለች፣ ለክቻለሁ። ይህ በቀን 0.6 አምፔር ሰዓት ነው። 25 ቀን ካቆምኳት ግማሹ ያልቃል። ለፋሲካ አዲስ አበባ ሄጄ አምስት ሳምንት ቆይቼ ስመለስ ሞታ አገኘኋት። አፓርታማው ውጭ ላይ ሶኬት የለውም፣ ቻርጀር ሰክቶ መሄድ አይቻልም። አሁን ጥቁሩ ጣት ላይ በአሥር ዶላር የገዛሁትን ማቋረጫ ገጥሜያለሁ፤ ስሄድ አዞረውና እሄዳለሁ። ሰዓቱን እንደገና መሙላት ይኖራል፣ ይሁን።

ሁለተኛ፣ እንዲህ እስከ ታች ሲያልቅ ይህ ባትሪ ቂም ይይዛል። ያን ጊዜ በቀስታ በሚቻርጅ፣ ለኤጂኤም የሚሆን ቻርጀር ሌሊቱን ሙሉ ጓደኛዬ ጋራዥ አሳደርኩት። ተመለሰ። ሁለቴ ሦስቴ ቢደጋገም ግን የሚመለስ አይመስለኝም። በየቀኑ የማይነዳት፣ ማቋረጫም የማይገጥም ሰው ይህን ባትሪ ገዝቶ እኔን እንዳይረግም። ዋጋውም ከተራው እጥፍ ነው። ግን ተራውን ሞክሬዋለሁ፤ የነጠላውንና የቀለሙን ዋጋ ብጨምርበት ርካሽ አልነበረም።

አባቴ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ በስልክ እንገናኛለን። ባትሪ መቀየሬን ስነግረው የመጀመሪያ ጥያቄው «የውሃ ነው የደረቅ?» ነበር። ደረቅ አልኩት። «የት ነው የሚቀመጠው?» ከኋላ አባዬ፣ ሻንጣው ውስጥ። ትንሽ ዝም አለ።

«ቀዩን ምን አልብሰሽዋል?»

የፕላስቲክ ክዳን አለው አልኩት። ፕላስቲክ አላሳመነውም። ሥራ ቦታ ብስክሌት የሚነዳ ልጅ አለ፤ ከእሱ የተበሳ ከመነዳሪ ለምኜ፣ በመቀስ ቆርጬ፣ ከክዳኑ ላይ አለበስኩት። ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። መልሱ የመጣው በማግስቱ ነው፣ በድምፅ።

«አሁን ገና ባትሪ ሆነ። አክስትሽ ብትሳፈርም አይፈራም።»