ትራንስፎርመሬን ላተረፉልኝ ጋሼ

አስቀድሜ ንዴቴን ልጨርስ፣ ምስጋናው ይከተላል።

ለተማሪዎቼ ማሳያ የሚሆን ቴስላ ኮይል እየሠራሁ ነበር። ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1891 የፈለሰፈው፣ ሰው ሠራሽ መብረቅ የሚያወጣው ዕቃ ነው። አንድ ሻጭ "ስታቲክ ስፓርክ ጋፕ የጀማሪ ነው፣ ላንተ ሮታሪ ነው የሚሆንህ" አለኝ። ስፓርክ ጋፕ ብልጭታው የሚዘልበት ክፍተት ነው፤ ስታቲኩ አይንቀሳቀስም፣ ሮታሪው ግን በሞተር የሚዞር ዲስክ አለው። ዲስኩ ሲሽከረከር ያምራል፣ ድምፁም ልብ ያርዳል። ገዛሁ። በሦስተኛው ቀን የኒዮን ትራንስፎርመሬ፣ ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርግልኝ ዕቃ፣ ጭጭ አለ። ተመልሼ ስሄድ "ትራንስፎርመርህ ደካማ ስለሆነ ነው" ብሎ ሌላ ሸጠልኝ። እሱም ይዳከም ጀመር። ከዚያ በኋላ ስደውል ስልክ አያነሳም። ሌላ ቦታ ወሰድኩት፤ ከፍተው እንኳ ሳያዩት "የሞተሩን ፍጥነት ጨምር" ብለው አስከፈሉኝ። ምክራቸውን ሰምቼ ቢሆን ዲስኩ ከነብረቱ ፊቴ ላይ ሊበተን ይችል እንደነበር ያወቅኩት ኋላ ነው።

ከዚያ ጋሼን አገኘሁ። ትራንስፎርመርና ሞተር የሚጠቀልሉ ባለሙያ ናቸው። ችግሩን ላሳያቸው ለአፍታ አብርቼ ነቀልኩትና እጄን ወደ ካፓሲተሩ ዘረጋሁ።

"ተው ልጄ!"

"ተነቅሏል እኮ፣ ጋሼ።"

አልመለሱልኝም። ከቦርሳቸው እጀታው ፕላስቲክ የሆነ ዘንግ አወጡ፣ ሽቦውን ከመሬት መስመሩ ጋር አሰሩ፣ ጫፉን ካፓሲተሩ ላይ አሳረፉ። ጧ! ያ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ለካ ሲነቀልም ኤሌክትሪክ ይዞ ይቀመጣል። ያን ሁሉ ገንዘብ የተቀበሉኝ ሰዎች ይህቺን አንዲት ቃል አልነገሩኝም።

ጋሼ ደግሞ እኮ ሮታሪ ራሳቸው ይሠራሉ! ሊሸጡልኝ ሲችሉ "አንተ አያስፈልግህም" አሉኝ። ማብራሪያቸው ግማሹ በጆሮዬ አለፈ፤ የገባኝ ይኸው። ስታቲኩ ቮልቴጁ ልክ ሲሞላ ራሱ ይተኩሳል፣ ከዚያ በላይ እንዲወጣ አይተወውም። ሮታሪው ግን የዲስኩ ተራ እስኪደርስ ይጠብቃል። ከመብራት መስመሩ ጋር ካልተጣጣመ ቮልቴጁ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ትራንስፎርመሩን ይበላዋል። የሚጣጣም ሞተር አለ፤ በ50 ኸርዝ መስመር በሴኮንድ 100 ጊዜ ያስተኩሳል። እሱ ግን ለእኔ ትንሽ ኮይል አይደለም፣ ማስተካከያውም ለብቻው ሥራ ነው አሉ።

የመዳብ ቱቦ ቁርጥራጮች ደርድረው ስታቲክ ሠሩልኝ። ብልጭታው ቶሎ እንዲጠፋ፣ መዳቡም እንዳይግል ፋን ገጠሙለት። ልጆቹ መብረቁን ሲያዩ የጮሁትን ጩኸት ብትሰሙ!

ኮይል የምትሠሩ፣ ትራንስፎርመር የተቃጠለባችሁ፣ እባካችሁ ገንዘባችሁን ከመበተናችሁ በፊት እሳቸውን አማክሩ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። እደግመዋለሁ፣ እሳቸውን ሳታማክሩ ምንም እንዳትገዙ። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ።

ሲሄዱ ያንን ዘንግ እኔ ጋ ትተውት ሄዱ። ረስተውት መስሎኝ ተከትዬ ሮጥኩ። "ያንተ ነው" አሉኝ። ሂሳቡ ላይ አልነበረም።