የሐሰት ቴምብር መለያ የአልትራቫዮሌት ባትሪ፦ ለሲጋራ ሻጭ ያዋጣል?

ቀረጥ ያልተከፈለበት ሲጋራ መደርደሪያ ላይ ከተገኘ «አላወቅሁም» ማለት ባለሱቁን ብዙም አያድነውም። በብዙ አገሮች ለሽያጭ ይዞ መገኘት ብቻውን ያስጠይቃል፤ ዕቃው ይወረሳል፣ መቀጮ ይከተላል፣ ፈቃድም ሊሰረዝ ይችላል። መጠኑ ከፍ ካለ እስርም አለ። ቀረጥ መከፈሉን ለማሳየት ባኮው ላይ የሚለጠፈው ቴምብር ሐሰተኛ መሆኑን ለመለየት የምትረዳው ይህች የኪስ ባትሪ ዋጋዋን የምታወጣው ለዚህ ነው፤ ትክክለኛዋን ከገዙ ማለት ነው።

ገበያ ላይ በብዛት ያሉት የጨረራቸው የሞገድ ርዝመት 395 እና 365 ናኖሜትር የሆኑት ናቸው። ርካሹ 395 ራሱ ወይን ጠጅ ብርሃን ስለሚረጭ የቴምብሩን ደካማ ፍካት ይውጠዋል። 365ቱን ይግዙ፤ ፊቱ ላይ ጥቁር የመስታወት ማጣሪያ ያለው ይመረጣል።

ከስቴካው 10 ባኮዎች ሁለት ሦስቱን ከተለያየ ቦታ ያውጡና ጥላ ውስጥ አስጠግተው ያብሩ። ላስቲኩ ካንጸባረቀ ባኮውን ዘንበል ያድርጉት። የቴምብር ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ጠቆር ብሎ ይቀራል፤ የሚያበሩት በውስጡ የተበተኑት ክሮች ወይም የተደበቀው ህትመት ናቸው። ወረቀቱ በሙሉ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ከፈካ፣ ተራ የቢሮ ወረቀት እንዳይሆን ይጠርጥሩ። ክሮቹ በሁሉም ባኮ ላይ አንድ ቦታ ከተገኙም ክር ሳይሆኑ ህትመት ናቸው።

ድክመቷ ግልጽ ነው፦ ከሌላ ባኮ ተልጦ የተለጠፈ እውነተኛ ቴምብርን አትለይም። እሱን የሚያጋልጠው የተጨማደደ ጠርዝና ትርፍ ሙጫ ነው። ደረሰኝንም አትተካም፤ ያለ ደረሰኝ የመጣ ስቴካ ቴምብሩ ቢያምርም አይረከቡት። ጨረሩን ወደ ዓይን አያዙሩ።