«ባትሪ አያስፈልግሽም» ላለኝ የላፕቶፕ ባለሙያ

ላፕቶፔን ላየልኝ ባለሙያ ምስጋናዬ ይድረሰው። «ስሜን አደባባይ አታውጪው፣ ለሚጠይቅሽ ግን ንገሪ» ስላለኝ ስሙን አልጽፍም። እንዴት እንደሠራ ግን ልንገራችሁ።

የኔ ሥራ ቁጭ ብሎ ነው። ላፕቶፔ ጠዋት ይሰካል፣ ማታ ይነቀላል። በቅርቡ ግን ከሶኬት ስነቅለው እንደ ድሮው አልቆይ አለ። መጀመሪያ የወሰድኩበት ቤት ሳይከፍቱት «ባትሪው ሞቷል፣ ቀይሪ» አሉኝ።

ይሄኛው በመለካት ጀመረ። ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል። ሪፖርቱን ከፈተና ስክሪኑን ወደኔ አዙሮ ሁለት ቁጥር አሳየኝ። አንዱ ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የሚይዘው ነው፣ 50 ዋት-ሰዓት (ባትሪ የሚይዘው ኃይል መለኪያ)። ሌላው አሁን ጢም ብሎ ሲሞላ የሚይዘው፣ 41። «እህቴ፣ 82 በመቶ ማለት ነው። አርጅቷል እንጂ አልሞተም። ብርሽን ያዢ።» ቢሸጥልኝ እኮ ከፍዬ፣ አመስግኜ ነበር የምወጣው!

ታዲያ ለምን ቶሎ ያልቃል? ከጀርባ ሳላውቀው የሚሠራ ፕሮግራም አገኘ፣ አጠፋው። ሽፋኑን ሲፈታ ደግሞ የፋኑ መተንፈሻ በአቧራ ተደፍኗል። ጠረገው።

ከዚያ ስለ መሰካቱ አስረዳኝ። ባትሪው ሲሞላ ላፕቶፑ ራሱ መሙላቱን ያቆምና ከቻርጀሩ በሚመጣው ኃይል ይሠራል። ስለዚህ «ከመጠን በላይ ይሞላል» የሚባለው ስጋት ብዙም አያስኬድም። የሚጎዳው 100 ላይ ቆሞ መክረሙ ነው። የዛሬ ላፕቶፕ ባትሪ የሚሠራበት አንድ የሊቲየም አዮን ሴል አብዛኛውን ጊዜ ሲሞላ 4.2 ቮልት ገደማ ይደርሳል። እዚያ ከፍታ ላይ ሲቀመጥ ውስጡ ያለው ኬሚካል ቀስ በቀስ ይበላሻል። ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይፈጥናል። የፋኑ አቧራ ከባትሪው ጋር ምን አገናኘው ለምትሉ፣ መልሱ ይሄው ነው።

መፍትሔው ሴቲንግ ውስጥ ነበር፤ መሙላቱን 80 በመቶ ላይ እንዲያቆም አደረገልኝ። ሌኖቮ ቫንቴጅ በሚባለው ፕሮግራሙ፣ አሱስ በማይአሱስ፣ ብዙዎቹ ዴልና ኤችፒ ደግሞ ባዮስ ውስጥ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው ሴቲንግ) ይህን ምርጫ ይሰጣሉ። ማክቡክም የራሱ አለው። ያረጁ ላፕቶፖች ላይኖራቸው ይችላል፤ በሌለበት አልፎ አልፎ ነቅሎ በባትሪ መሥራት ነው። መንገድ ካላችሁ ደግሞ ማታውኑ ገደቡን አንስታችሁ 100 ሙሉት፣ ምንም አይሆንም።

«ባትሪውን እስከ ዜሮ ማድረቅ አለብሽ ሲሉኝ ነበር» ስለው ሳቀ። ያ ምክር ከኒኬል ካድሚየም ባትሪ ዘመን የቀረ ነው አለኝ። የዛሬዎቹ እስከ ዜሮ መውረድ አይወዱም። የመቶኛው ቁጥር ሲዛባ ብቻ፣ ሞልቶ ወደ ታች አውርዶ መልሶ መሙላት ሊያስተካክለው ይችላል። ባትሪውን አውጥቶ በቻርጀር ብቻ መሥራትንም አልወደደውም። መብራት ጥፍት ባለች ቁጥር ያላስቀመጥሽው ሥራ አብሮ ይሄዳል። ለረጅም ጊዜ የማይነካ ላፕቶፕ ደግሞ ግማሽ አካባቢ ተሞልቶ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይቀመጥ አለኝ።

ሳልጠይቀው ያደረገው ነገር ደግሞ አለ። ላፕቶፑን ዘግቶ ለጥ ያለ ጠረጴዛ ላይ አኖረውና ጥግ ጥጉን ተጭኖ ይወዛወዝ እንደሆነ አየ። ከፈተና የመዳሰሻ ሰሌዳው ከፍ ብሎ እንደሆነ በጣቱ ዳበሰው። ያበጠ ባትሪ በዚህ ይታወቃል። አብጦ ካገኛችሁት አጥፉት፣ ከሶኬት ንቀሉት፣ አትጫኑት፣ አትብሱት፤ ቶሎ ባለሙያ ይየው። የኔው ሰላም ነው።

የትም ብትሄዱ «መጀመሪያ ሪፖርቱን አሳየኝ» በሉ። ቁጥሩን ሳያሳይ ባትሪ የሚያወጣ ሰው ካጋጠማችሁ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ውጡ። ይሄን ልጅ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አድራሻውን እልካለሁ። ወረፋ አለው፣ ቀድማችሁ ደውሉ።