የዕረፍት ጉዞ ቸኮሌት፦ ባሩ ወይስ ክሬም የተሞላው?

ለዕረፍት በወጣን ቁጥር ልጆቼ በእጅ የሚሠራ ቸኮሌት የሚሸጥበት ቤት ፈልገው ሳያገኙ አያርፉም። እዚያ ሁሌም ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ጠፍጣፋው ባር ነው፤ ሌላው በአንድ ጉርሻ የሚያልቀው፣ ውስጡ ክሬም የተሞላው። ጣዕማቸው ያልተለመደ ነው፤ ጨው፣ በርበሬ፣ ዝንጅብል፣ አበባ ሳይቀር። የቱን ልግዛ ለሚል ሰው፣ ልዩነቱን የሚያመጣው ውሃ ነው።

ባሩ ውስጥ ውሃ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጥቁሩ ባር በደንብ ከተቀመጠ ዓመት ይቆያል። የተሞላው ግን የወተት ክሬም አለበት፤ ዕድሜው ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ነው። አንዴ ለዘመድ ብለን ሙሉ ሳጥን ይዘን ተመለስን። ከወር በኋላ ስንከፍተው ሻግቷል። በጣም አዘንኩ። የተሞላውን እዚያው ገዝታችሁ እዚያው ብሉት።

የቀለጠ ቸኮሌት ላይ ትንሽ ውሃ ጠብ ካለ ይጓጉላል። ለዚህ ነው ባር ላይ የደረቀ ፍሬ እንጂ ጭማቂ የማይጨመረው። የትኩስ ፍራፍሬ ወይም የሻይ ጣዕም የፈለገ የተሞላውን ይውሰድ። እዚህ ላይ ባሩ አይደርስበትም።

ጨውና በርበሬ ግን የሚያምሩት በባሩ ነው። ውሃ ስለሌለ ጨዉ አይሟሟም። ጥርስ ሥር ቀጭ ይላል፣ ከዚያ ምሬቱን ያለዝበዋል። በርበሬው ተንኮለኛ ነው። የሚያቃጥለው ነገር የሚሟሟው በቅባት ስለሆነ ቸኮሌቱ አፍ ውስጥ እስኪቀልጥ ድምፁን አጥፍቶ ይቆያል። ትንሿ ልጄ «ምንም አያቃጥልም» ብላ ሁለተኛውን ስትጎርስ የመጀመሪያው ደረሰባት። ዓይኗ እንባ ሞላ። ውሃ ሰጠናት፣ ምንም አልረዳት፤ ያስታገሰላት ወተት ነው። ከልጆች ጋር ከሆናችሁ ጨው ያለበትን የወተት ቸኮሌት አስቀድሙ።

ላቬንደር የሚባለው ሽታ ያለው አበባ ያለበትን ሳትቀምሱ አትግዙ። ትንሽ ከበዛ ሳሙና ሳሙና ይላል።

ማሸጊያው ላይ 70 በመቶ የሚለው የተፈጨው ካካዎና የካካዎ ቅቤው ድምር ነው። የቀረው በአብዛኛው ስኳር ነው። ጥራቱን ግን አይነግራችሁም። ይልቅ ከጀርባ ያለውን ዝርዝር አንብቡ። የዘንባባ ዘይት ካያችሁ እኔን ስሙኝና መልሱት። ለውዝ የማይስማማው ልጅ ካላችሁ ደግሞ ሻጩን ሳትጠይቁ ምንም እንዳትገዙ፤ ሁሉም ጣዕም በአንድ ማሽን የሚሠራበት ቤት ብዙ ነው።

የካካዎ ቅቤ 34 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። አፍ ውስጥ እንዲያ የሚሟሟውም ለዚህ ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ከዚያ በላይ ይሞቃል። ቀልጦ ተመልሶ የረጋ ቸኮሌት ላዩ ነጣ ይላል። ሻጋታ አይደለም፣ ይበላል፤ ግን ሲሰበር ቀጭ ማለቱ ይቀራል። አሁን እኛ የተሞላውን በገዛንበት ማታ ሆቴል ክፍላችን ውስጥ ተካፍለን እንጨርሰዋለን። ባሮቹን ሹራብ ውስጥ ጠቅልለን በእጃችን በምንይዘው ሻንጣ መሃል እናደርጋቸዋለን። መኪናው ሲቆም ሻንጣው አብሮን ይወርዳል።