የጠፋ ፎቶ ለመመለስ፦ ፎቶሬክ፣ ሬኩቫ ወይስ የሚከፈልበት?

ጥር በገባ ቁጥር ከደጀን እስከ ፍኖተ ሰላም ያሉ ፎቶ አንሺ ወዳጆቼ ይደውሉልኛል፤ «የካሜራዬ ካርድ ባዶ ሆነብኝ፣ የትኛውን ፕሮግራም ልግዛ?» መልሴ አንድ ነው፤ አትግዙ። የጠፋ ፎቶ የሚመልሰውን ፎቶሬክ የተባለ ፕሮግራም በነጻ አውርዱ።

እኔ ትምህርቱን በገንዘቤ ገዝቼዋለሁ። ደብረ ማርቆስ ከሚገኝ አንድ ሱቅ የታወቀ ፕሮግራም «ሙሉ ቅጂ» የተባለውን ክራክ፣ ማለትም ያለ ፈቃድ የተከፈተ ቅጂ፣ በ600 ብር ወሰድሁ። ሻጩ ጸረ ቫይረሱን አጥፋው አለኝ፤ አጠፋሁት። በማግስቱ ፋይሎቼ በሙሉ ተቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቅ ጽሑፍ ጠበቀኝ። የአንዷን ሙሽራ ፎቶ አስመልሳለሁ ብዬ የሌሎች ሦስት ሰርጎች አብረው ሄዱ።

በሕጋዊ መንገድ ልግዛ ካላችሁ፣ አር ስቱዲዮ የተባለው የፋይል መመለሻ ፕሮግራም ወደ 80 ዶላር ያስከፍላል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ይህ በብር ሲመታ ያስደነግጣል፤ በዚያ ላይ በውጭ አገር የሚሠራ የባንክ ካርድ ይፈልጋል። ሌላው የሚከፈልበት ፕሮግራም ኢዝአስ በነጻ የሚመልሰው 2 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ የእኔ አንድ ሰርግ ከ30 ያልፋል።

ሬኩቫ ነጻ ነው፤ ከሃርድ ዲስክ አሁን የተሰረዘ ሰነድ ከነስሙ ሲመልስ ደስ ይላል። ፎርማት በተደረገ ካርድ ላይ ግን ከፎቶሬክ አላስቀድመውም። ፎቶሬክ የፋይሎቹን መዝገብ ትቶ እያንዳንዱ ፎቶ የሚጀምርበትን ምልክት ከካርዱ ላይ ይለቅማል። ስሙ ግን አይመለስም፤ ሙሽራዋ ከእናቷ ቤት ስትወጣ ያነሣኋት ፎቶ «ኤፍ» በሚል ፊደልና በረጅም ቁጥር ተሰይማ ነው ያገኘኋት። ረጅም ቪዲዮም ተቆራርጦ ሊወጣ ይችላል። ፎቶሬክ በቁልፍ ሰሌዳ ብቻ የሚታዘዝበት ጥቁር ገጽ ካስፈራችሁ በመዳፊት የሚሠራው ኪውፎቶሬክ አብሮት ይመጣል። የተመለሰውን እዚያው ካርድ ላይ አታስቀምጡ፤ ገና ያልወጣውን ይደመስሰዋል።

ኮምፒውተር ለሚፈትሹ መርማሪዎች የተሠራው አውቶፕሲ የተባለ ፕሮግራምም በነጻ የሚገኝ ነው፤ መዝገቡ የጠፋበትን ፋይል የሚቆፍረው ያንኑ ፎቶሬክን ተጠቅሞ ነው። ታዲያ 80 ዶላር ለምን?

አንድ ነገር ግን ፎቶሬክንም ያሸንፈዋል፤ ሐሰተኛ ካርድ። 128 ጊጋባይት የሚል ጽሑፍ ያለበት ካርድ ገዝቼ ውስጡ 8 ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በላይ ያነሣሁት መጀመሪያውኑ አልተጻፈም፤ ያልተጻፈውን ማንም አይመልሰውም። ስለዚህ አዲስ ካርድ ስትገዙ ኤችቱቴስትደብሊው በተባለው ነጻ ፕሮግራም እስከ ጫፉ ሞልታችሁ አስነብቡት። ሰዓታት ይወስዳል፤ ካርዱን የመመለሻ ቀን ከሻጩ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።