ከሶኬቱ ጀርባ ያለው ወጪ፦ በደሴ ያሠራሁት የሶኬት ቅያሪ

በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ወር፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ደሴ ሮብ ገበያ አካባቢ በሚገኘው ቤታችን ያሉትን 11 ሶኬቶች አስቀይሬ ነበር። በመጨረሻ የከፈልሁት ገንዘብ መጀመሪያ ከተነገረኝ ዋጋ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። ይህም ሆኖ በአገልግሎቱ ረክቻለሁ፤ ምክንያቱን ለማስረዳት ገንዘቡ በምን በምን ላይ እንደ ወጣ መናገር ያስፈልጋል።

ለሥራው መነሻ የሆነው የማዕድ ቤቱ ሶኬት ነው። ባለቤቴ እንጀራ ጋግራ የምጣዱን ስፒና ስትነቅል እጇን አቃጠላት፤ ቀርቤ ስመለከተው የሶኬቱ ነጭ ፕላስቲክ በአንደኛው ቀዳዳ ዙሪያ ቡናማ ሆኖ አብጦ ነበር፣ የተቃጠለ ሽታም ነበረው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ጊዜ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ ይህም በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 16 አምፔር ይደርሳል፣ ተራ ሶኬት የሚችለውም 16 አምፔር ብቻ ነው። ስለዚህ በጋገርን ቁጥር ሶኬቱ ለሰዓታት በአቅሙ ጠርዝ ላይ ይሠራ ነበር ማለት ነው። የውስጡ መያዣ በሙቀት ሲላላ ንክኪው ይቀንሳል፣ ንክኪው ሲቀንስ ሙቀቱ ይብሳል፣ ሙቀቱም መያዣውን መልሶ ያላላዋል። ብሬከሩ ለምን እንዳልወደቀ ኋላ ሥራውን የሠራልኝን ባለሙያ ስጠይቀው፣ ብሬከር የሚቆርጠው ከመጠን ያለፈ ኃይል ሲያልፍበት ወይም ሽቦ ሲነካካ እንጂ የላላ ብሎን ሲግል አለመሆኑን አስረዳኝ። ይህን ብዙ ሰው የሚያውቀው አይመስለኝም፤ እኔም እስከዚያች ቀን ድረስ ብሬከር ካለ ስጋት የለም ብዬ አምን ነበር።

በመጀመሪያ በስልክ ያነጋገርሁት አንድ ሠራተኛ ቤቱን ሳያይ ዕቃውንም የእጅ ዋጋውንም ጨምሮ በሶኬት 450 ብር፣ በድምሩ 4,950 ብር ብሎኝ ነበር። ሥራውን የሰጠሁት ሁለተኛው ወጣት ግን ዋጋ ከመናገሩ በፊት «ጋሼ፣ ሳላየው ዋጋ ብቆርጥ ወይ እርስዎን እጎዳለሁ፣ ወይ ራሴን፤ ቢያንስ ሦስቱን ልክፈታቸው» አለኝ። ዋናውን ብሬከር አጥፍቶ፣ በቴስተርም ኃይል አለመኖሩን አረጋግጦ የሳሎኑን ሶኬት በካቻቢቴ ሲፈታው፣ የሽቦው ልባስ በጣቱ መካከል እንደ ደረቀ ቅርፊት ተፈረፈረ። ቢጫና አረንጓዴው የግራውንድ ሽቦ፣ ማለትም ያፈተለከን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደው የደኅንነት ሽቦ፣ ደግሞ ከነጭራሹ አልታሰረም፤ ጫፉ ተቆርጦ ወደ ኋላ ታጥፎ ነበር። ከውጭ ሲታይ ባለ ግራውንድ የሚመስለው ሶኬት ለዓመታት ያለ ግራውንድ ኖሯል ማለት ነው። ውጭ ግድግዳው ሥር የተቀበረው የግራውንድ ዘንግም ማሰሪያው ዝጎ አገኘው፤ ደሴ ጉሟና እርጥበቷ ብዙ ስለ ሆነ ይህ የሚጠበቅ ነው ብሎ ጠርጎ አጠበቀው።

ዕቃ ለመግዛት ፒያሳ አብረን ወረድን። እዚያ ያጋጠመኝን ሳልናገር አላልፍም፤ በአንድ ሱቅ «ኦሪጅናል ነው፣ ውስጡ ናስ ነው» ተብሎ በ350 ብር የቀረበልንን ሶኬት ባለሙያው ከኪሱ ባወጣት ትንሽ ማግኔት ሲሞክረው መያዣው ተለጠፈ። ናስ በማግኔት አይሳብም፤ ብረት ተቀብቶ ናስ ተብሎ እየተሸጠ ነበር። ብረት ከናስ ይልቅ ይግላል፣ በእርጥበትም ይዝጋል፤ ለሰው ቤት የሚገባን ዕቃ እንዲህ ብሎ መሸጥ በሕይወት ላይ መፍረድ ነው። በሌላ ሱቅ በ380 ብር የገዛነው በማግኔት አልተሳበም፤ ክብደቱም በእጅ ሲያዝ ይለያል። ማንኛውንም ስፒና ይቀበላል የሚባለውን ሶኬት ግን ባለሙያው እንዳልገዛ መከረኝ። ቀዳዳው ለሁሉም ተብሎ ስለሚሰፋ አንዱንም አጥብቆ አይዝም፤ ከዚህም በላይ ግራውንዱ በጎንና በጎን የሆነ ክብ ስፒና ሲሰካበት መብራቱ ይሠራል እንጂ ግራውንዱ አይነካም።

አሥር ሶኬቶች በ380 ብር 3,800 ብር ፈጁ። ሽቧቸው ደህና ለሆነው ስምንቱ የእጅ ዋጋ በአንዱ 200 ብር ሆኖ 1,600 ብር፣ ሽቧቸው ለተበላሸው ለሳሎኑ ሁለት ሶኬቶች ደግሞ በአንዱ 600 ብር ሆኖ 1,200 ብር ከፈልሁ፤ ለእነዚሁ ሁለቱ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ 30 ሜትር በ75 ብር ገዝተን 2,250 ብር ወጣ። ትልቁን ገንዘብ የወሰደው አሥራ አንደኛው፣ የምጣዱ ነው። ባለሙያው ምጣዱን ወደ ሶኬት መመለስ አይገባም ብሎ ከብሬከር ሣጥኑ ጀምሮ ለብቻው መስመር ዘረጋለት፤ ሦስቱ ሽቦዎች፣ ማለትም ኃይል የሚያመጣው ፌዝ፣ መልሱ ኒውትራልና ግራውንዱ፣ እያንዳንዳቸው 14 ሜትር ስለሚሄዱ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ 42 ሜትር በ120 ብር 5,040 ብር፣ ባለ 25 አምፔር ብሬከር 650 ብር፣ ቱቦና ሣጥን 900 ብር፣ የእጅ ዋጋ 1,800 ብር ሆነ። ድምሩ 17,240 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ ሶኬት ተብሎ የተገዛው ሩብ እንኳ አይሞላም፤ በስልክ 4,950 ብር ያለኝ ሰው ሊቀይርልኝ ያሰበው ፊቱን ብቻ እንደ ነበር የገባኝ ያኔ ነው።

ጉድለትም አላጣሁበትም። ሁለት ቀን ይፈጃል የተባለው ሥራ አራት ቀን ወሰደ፤ በሁለተኛው ቀን ሳይደውል በመቅረቱ ቤተሰቡ በጨለማ አመሸ። የብሎኬቱን ግድግዳ ለቱቦ ከቦረቦረው በኋላም ልስኑን ሳይመልስ ሄደ፤ ልስን የእርሱ ሥራ አለመሆኑን አስቀድሞ ሊነግረኝ ይገባ ነበር፣ እኔም መጠየቅ ነበረብኝ። ለለሳኝ 900 ብር ጨመርሁ። በአሮጌው የጭቃ ክፍል ግን ግድግዳውን አልነካም፤ ጭቃው ይረግፋል ብሎ ሽቦውን በላይ በኩል በቱቦ አሳልፎ ላይ ላይ የሚገጠም ሶኬት አደረገ። ለዓይን ባያምርም ትክክለኛው አሠራር ይህ ይመስለኛል።

ለሌላ ጉዳይ ኮምቦልቻ በወረድሁ ጊዜ የሽቦ ዋጋ ጠይቄ ነበር፤ በሜትር ጥቂት ብር ይቀንሳል፣ ነገር ግን ለአንድ ቤት ሥራ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ወርዶ መውጣት የትራንስፖርቱን ያህል አያተርፍም።

ባለሙያው ከአንድ ወር በኋላ ሳልጠራው ተመልሶ መጣ። አዲስ ሽቦ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በብሎኑ ሥር ስለሚተኛ በድጋሚ መጥበቅ አለበት ብሎ አንድ በአንድ እየከፈተ አጠበቃቸው፤ ከሦስቱ ላይ ብሎኑ ሩብ ዙር ያህል ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። ለዚህ ክፍያ አልተቀበለም፤ ባለቤቴ ያፈላችውን ቡና ጠጥቶ ሄደ። በማግስቱ እንጀራ ተጋግሮ ሲያልቅ የምጣዱን ብሬከር በእጄ ዳሰስሁት፤ ለብ ከማለት በቀር ሙቀት አልነበረውም።