መጋዝና ምጣድ በአንድ ጋራዥ፦ የማይተር ሶው ጠረጴዛዬ ከ8 ወር በኋላ

ጠረጴዛውን የሠራሁት መጋቢት ላይ ነው። አሁን ኅዳር ገብቷል። ቦታው ሜሪላንድ፣ ሁለት መኪና ይይዛል የተባለ ጋራዥ ነው። የያዘው ግን አንድ መኪና፣ አንድ ትርፍ ፍሪጅ፣ የአማቴን የእንጀራ ምጣድ፣ እንዲሁም የእኔንና የሚስቴን ወንድም ኮተት ነው። እሱ ወለል ያነጥፋል፤ የዕለት እንጀራው ነው። እኔ ቅዳሜና እሁድ መደርደሪያ፣ አግዳሚ ወንበር ምናምን እሞክራለሁ።

ማሽኑ፣ ማይተር ሶው የሚባለው፣ እንጨት ቀጥ አድርጎም በማዕዘንም የሚቆርጥ የኤሌክትሪክ መጋዝ ነው፤ ዲስኩ ባለ 12 ኢንች ነው። በሀዲድ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ክብደቱ 25 ኪሎ ገደማ። በፊት መሬት ላይ አስቀምጠን፣ ተንበርክከን ነበር የምንቆርጠው። ጠረጴዛ ያሠራኝ ወገቤ ነው።

መሃል ላይ ማሽኑን የሚሸከም፣ 3 ጫማ ስፋት ያለው ሣጥን አለ። ግራና ቀኝ 4፣ 4 ጫማ የሆኑ የሚታጠፉ ክንፎች፣ ከሥር ፍሬን ያላቸው አራት ጎማዎች። ሁለት ሙሉ ኮምፔንሳቶና ዐሥር ቱ ባይ ፎር (2 በ4 የሚሉት ወፍራም አጣና) ፈጀ። ከማሽኑ ውጪ 350 ዶላር አካባቢ ወጥቶበታል። ሲዘረጋ 11 ጫማ ይሆናል፤ ሲታጠፍ መኪናው ይገባል። ቋሚ አድርጌው ቢሆን ኖሮ በረዶ ሲመጣ ወይ መኪናው ወይ እኔ ውጪ እናድር ነበር።

የመጀመሪያ ጥፋቴ ውሃ ልክ ነው። የጋራዥ ወለል ውሃ እንዲወርድበት ወደ በሩ ያዘነብላል። እኔ ደግሞ ጠረጴዛው ካልተስተካከለ ሞቼ እገኛለሁ ብዬ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ጎማ ሥር ሽብልቅ ስወትፍ ከረምኩ። ትንሽ ገፋ ሳደርገው ሁሉም እንደገና ይበላሻል። ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ጠረጴዛው ቢያዘነብል መጋዙ ግድ የለውም። ዋናው ነገር ሁለቱ ክንፎችና የማሽኑ ገበታ አንድ መስመር ላይ መሆናቸው ነው። ሲባጎ ከጫፍ ጫፍ ወጥሬ ሳይ ቀኙ ክንፍ 3 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሏል። ክንፉ ከፍ ሲል ጣውላው ከገበታው ላይ ይነሳል፣ ቁርጡ ይንጋደዳል፣ ሲብስም እንጨቱ ዲስኩን ቆንጥጦ ይይዘዋል። በፀጉር ያህል ዝቅ ቢል ግን ምንም አይል። አሁን በየክንፉ ድጋፍ ጫፍ አንድ አንድ ብሎን ስላለ በቁልፍ ከፍ ዝቅ አደርገዋለሁ። ሐምሌ ላይ፣ ያ የሜሪላንድ ወበቅ ሲመጣ፣ ሁለቴ ማስተካከል ነበረብኝ።

ግራው ክንፍ ላይ የተለጠፈ ሜትርና የሚንሸራተት ማቆሚያ አለ፤ የጣውላው ጫፍ ማቆሚያውን ሲነካ የሚቆረጠው ርዝመት ይወሰናል። ሁለት ወር ሙሉ ዝንፍ አላለም። ከዚያ አንድ መደርደሪያ ስሠራ ስድስቱም ጣውላዎች 2 ሚሊ ሜትር ገደማ አጠሩብኝ። ዲስኩን ጠረጠርኩ፣ ሜትሩን ጠረጠርኩ፣ ዓይኔንም ጠረጠርኩ። ለካ የሚስቴ ወንድም ማሽኑን ለሥራ ወስዶት ኖሯል። ሲመልሰው ትንሽ ወደ ግራ አድርጎ አስቀምጦታል፣ ብሎኑንም አላሰረም።

«መለስኩት እኮ!» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ መልሶታል። በማሽኑ አራት እግሮች ዙሪያ ቁርጥራጭ እንጨት በኮላና በምስማር አሰርኩ። አሁን ሄዶ ቢመጣም ከዚያች ቦታ ሌላ አይቀመጥም። ያም ሆኖ ከውጪ በመጣ ቁጥር አንድ ቁራጭ ቆርጬ በስኳድራ (በማዕዘን መለኪያ) አየዋለሁ።

ሀዲዱ ከኋላ ስለሚወጣ ጠረጴዛው ግድግዳ አይጠጋም። አንድ ጫማ ያህል ቦታ ዝም ብሎ ይባክናል። ሲገዛ ልብ ያላልኩት ነገር ነው።

ያማረረኝ ግን ሰጋቱራው ነው። ከማሽኑ ጀርባ በሻወር መጋረጃ ኮፈን ሠርቼ ቫኪዩም አገናኘሁ። ትልልቁን ይይዛል። ደቃቁ ግን እንደ ጤፍ ዱቄት ቡን ብሎ መኪናው መስታወት ላይ፣ ፍሪጁ አናት ላይ ያርፋል። አንድ ቅዳሜ አማቴ የሊጡን ባልዲ ክዳን በጣታቸው ጠረግ አድርገው አሳዩኝ።

«ልጄ፣ ይኼ የምን ዱቄት ነው?»

«የኦክ እንጨት ነው» ለማለት አልደፈርኩም። ደግሞም ቀልድ አይደለም፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ስለዚህ አሁን ጠረጴዛውን እስከ በሩ ገፍቼ፣ በሩን ከፍቼ፣ ማስክ አድርጌ ነው የምቆርጠው። የሊጡ ባልዲም ቤት ውስጥ ገብቷል። ለጎማዎቹ ያወጣሁት ገንዘብ አልቆጨኝም።

የቀረው የመብራት ጣጣ ነው። ማሽኑ እስከ 15 አምፒር ይስባል። ምጣዱ 1,500 ዋት ነው፤ በ120 ቮልት ሲሰላ 12.5 አምፒር ይሆናል። ሁለቱም የሚሰኩበት የጋራዡ መስመር 20 አምፒር ብቻ ነው የሚችለው። ይህን ስሌት ቀድሜ አልሠራሁትም። ግንቦት ላይ እንጀራው ገና ዓይን ማውጣት ሲጀምር መጋዙን አስነሳሁ። ብሬከሩ ወረደ። ጋራዡ ጨለመ። እንጀራው ምጣዱ ላይ ተጣብቆ ቀረ። አማቴ አንድ ቃል ሳይናገሩ አክንባሎውን ከደኑት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ለጠረጴዛው የራሱን መስመር የሚዘረጋ ኤሌክትሪሺያን አነጋግረናል፤ የሚመጣው በሚቀጥለው ወር ነው። እስከዚያው ብሬከሩ ሣጥን ላይ በአማቴ የእጅ ጽሑፍ አንድ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ቅዳሜ እስከ 6 ሰዓት መጋዝ የለም»።